የራልፍ ማራ

ሰኞ ሰኞ መንደራችን በነጭ አንሶላ ይሞላ ነበር። ከቤቶቻችን ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ገመድ እንወጥርና ልብስ እናሰጣለን። የከሰል ጋሪ ከመጣ ሴቱ ሁሉ እየተራገመ ያሰጣውን ይሰበስባል። በሰሜን እንግሊዝ፣ በደርሃም የከሰል መንደሮች ሰኞ ቀን በዚያ መንገድ የሚያልፍ ወንድ ወይ ደፋር ነው፣ ወይ እንግዳ።

ኤድዊን እንግዳ ነበር።

ጥቅልል ዕቃውን ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከአንሶላ ወደ አንሶላ እየሾለከ መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ ጥቅልሉ ከገመዱ ጋር ተጠላለፈ። አንሶላዬ ጭቃ ላይ ወደቀ።

«ውይ! ይቅርታ፣ ማራ» አለኝ።

ጎረቤታችን ፔግ በሯ ላይ ቆማ ሳቋን ለቀቀችው።

«ሰማሽ ቴርዛ? ማራ አለሽ! በይ አካፋሽን ያዥና ወደ ጉድጓድ ውረጂ!»

«ማንን ነው ማራ የምትለው?» አልኩት። «እኔ ካንተ ጋር ከሰል ቆፍሬ አውቃለሁ?»

«በእኛ አገር ለሁሉም ነው የሚባለው» አለ፤ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ለባለሱቁ፣ ለአውቶቡስ ነጂው...»

«ለሰባኪውም?» አለች ፔግ።

«ለሰባኪውም» አለ፣ ከልቡ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንሶላውን አነሳ። ጭቃውን በመዳፉ ልጥረግ ሲል ይበልጥ አዳረሰው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ልሰድበው ያዘጋጀሁት ቃል ጠፋብኝ።

«ስጠኝ በቃ» አልኩት። «እጅህ ከጭቃው ይብሳል።»

የመጣው ከምዕራቡ የባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ ያለው ጉድጓድ ተዘግቶ ሥራ ፍለጋ ወደ እኛ መጣ። እዚያ አገር «ማራ» ማለት ወዳጄ፣ ወንድሜ እንደማለት ነው፤ መንገድ ለጠየቁት ሰውም ይባላል። በእኛ መንደር ግን ቃሉ በየመንገዱ አይበተንም ነበር። የአንድ ሰው ማራ አንድ ሰው ነው። ከመሬት በታች፣ በአንድ ጠባብ ቦታ አብሮት የሚቆፍር፤ ጣሪያው ሲንቋቋ ክንዱን ይዞ የሚጎትተው፤ ደሞዛቸው በአንድ ፖስታ የሚወጣ ሰው ነው። አንዱ ቢጎዳ ወደ ቤት የሚያመጣው ማራው ነው። አንዱ ቢሞት በሩን የሚያንኳኳው ማራው ነው። ሌላው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

በዚያ ሰሞን ወንድሜ ራልፍ ማራ አልነበረውም። የቀድሞው ሰው በደቡብ መኪና ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ስለዚህ እንግዳው ለራልፍ ደረሰው። መጀመሪያ ራልፍ አጉረመረመ። «አንድ የሚያስል ዱላ ሰጡኝ» አለን። በሳምንቱ ግን ዱላውን ለእሑድ ሻይ ይዞት መጣ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ያስቅ ነበር። ራልፍ ግዙፍ ነው፤ ሲያወራ ሳህን ያንቀጠቅጣል። ኤድዊን ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሳል የማይለቀው።

«ማራዬ እኮ ወሬ አይወድም» ይል ነበር ራልፍ ዳቦ እየቆረሰ። «ሙሉ ቀን ከመሬት በታች ሲውል የሚያወራው ‹ብላ› እና ‹ፈቀቅ በል› ብቻ ነው። ፈቀቅ ስል ደግሞ ድንጋይ ዱብ ይላል። አሁንማ ‹ብላ› ሲለኝም ፈቀቅ እላለሁ!»

እናቴ ትስቅና ወዲያው ሳቋን ትውጠዋለች። ስለ ጣሪያ ድንጋይ የሚነገር ቀልድ አይሆንላትም።

እኔ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከራልፍ ጋር መሥራት ከጀመረ በኋላ ኤድዊን ለባለሱቁ «ማራ» ማለቱን ተወ። ለአውቶቡስ ነጂውም፣ ለሰባኪውም። ማንም አልከለከለውም። ቃሉን ለአንድ ሰው አስቀመጠው።

ራልፍ ከቤታችን ጀርባ ባለው መሬት ላይ ባሮ ሽንኩርት ያበቅል ነበር። መንደርተኛው ወንድ ሁሉ ያበቅላል፤ በመስከረም ውድድር አለ፤ የወንድ ክንድ የሚያህል ባሮ ሽንኩርት ያመጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ኤድዊን እሑድ እሑድ ውሃ ያመላልስለታል። ባልዲ እኔ ጋ ነው ያለው። ራልፍ ባልዲውን ሆነ ብሎ ወጥ ቤት እንደሚተወው የገባኝ ዘግይቼ ነው።

ባልዲውን ስሰጠው ጣቶቻችን እጀታው ላይ ይነካካሉ። አንዳችንም ቶሎ አንለቅም። አንድ እሑድ ግን ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ቴርዛ፣ ሰው ሳይስቅብኝ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ፔግ ከሌለች የሚስቅብህ የለም።»

«ፔግ ከአጥሩ ጀርባ ናት።»

«የለሁም!» አለች ፔግ ከአጥሩ ጀርባ።

ኤድዊን አንዴ ወደ አጥሩ፣ አንዴ ወደ እኔ አየ። «እንግዲያው ፔግ ትመስክር። አግቢኝ።»

«እሺ» አልኩ። ከአጥሩ ጀርባ ፔግ ስትናፈጥ ተሰማን።

እናቴ ምድጃውን መጥረግ ሳታቆም አዳመጠችን።

«ልጁን እወደዋለሁ» አለች። «ክፉ አላየሁበትም። ግን የዚህ ቤት ሰው ሆኖ የራልፍ ማራ ሆኖ አይቀጥልም። ወይ ይሄን፣ ወይ ያን።»

«እማ...» አለ ራልፍ።

«ጨርሻለሁ።»

ማናችንም አልተከራከርናትም። አባቴና አጎቴ ማራዎች ነበሩ። አንድ ድንጋይ ነው ሁለቱንም የወሰዳቸው። በዚያ ቀን በሩን የሚያንኳኳ ማራ አልነበረም፤ ማንም ሰው ደፍሮ አልመጣም። እናቴ ውሃ ልትደፋ በሩን ስትከፍት፣ መንገዱን የሞሉ ወንዶች ኮፍያቸውን አውልቀው፣ መሬት መሬት እያዩ ቆመው አገኘቻቸው። ምን ያህል እንደቆሙ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሕግ ሆነ፤ በሌሎች ብዙ ቤቶችም እንዲሁ ነው። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው በአንድ ቦታ አይቆፍርም።

ራልፍ ተነሳ። በሰፊ መዳፉ የኤድዊንን ጀርባ መታው።

«እንግዲህ ማራ፣ እኔን ፈትተህ እህቴን ልታገባ ነው። ከሁለታችን የቱ እንደሚሻልህ ኋላ ታየዋለህ።»

ኤድዊን ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

በእኛ ጉድጓድ የመቆፈሪያ ቦታ በየሩብ ዓመቱ በዕጣ ይከፋፈላል። ደህናው ቦታም፣ መጥፎውም ከአንድ ኮፍያ ይወጣል፤ ለዘመድ ማድላት የለም። በሐምሌ ዕጣ ራልፍ ሽማግሌውን ጆብሊንግን ማራ አድርጎ ተመዘገበ። ኤድዊን ደግሞ ከላይኛው ሰፈር ሰው ጋር። ራልፍ ደረቅና ከፍ ያለ ቦታ ወጣለት። ለኤድዊን የወጣለት ዝቅተኛው የምሥራቅ ቦታ ነው፤ ጣሪያው ከጠረጴዛ አይበልጥም፤ ሰው በጎኑ ውሃ ላይ ተኝቶ ነው የሚቆፍረው።

በዚያ ከሰዓት ራልፍ ጆብሊንግንም ኤድዊንንም እየጎተተ ወደ ቤት ገባ።

«ቦታ ተለዋውጠናል» አለን። «ሙሽራ እያሳለ ጸሎት ቤት አይገባም። ሰባኪው ቃል ኪዳኑን አይሰማውም።»

«እኔ አልተለዋወጥኩም» አለ ኤድዊን። «ዕጣዬ ነው።»

«የሠርግ ስጦታ ነው፣ አንተ ደረቅ! ሌላ የምሰጥህ ሳህን የለኝም።»

«አባባ ጆብሊንግስ?» አልኩ። «ለእሳቸው አይከብድም?»

«የባሮ ሽንኩርቱን ዘር እሰጥሃለሁ ብሎኛል» አለ ሽማግሌው ጥርስ በሌለው አፉ። «ለዚያ ዘርማ ባሕር ውስጥም እቆፍራለሁ።»

ኤድዊን እናቴን አየ፤ እምቢ እንድትልለት የፈለገ ይመስላል። እናቴ ለሠርጌ የምትሰፋውን ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሳሉን ሌሊት ሌሊት በግድግዳው በኩል ትሰማው ነበር፤ የሚከራየው ፔግ ቤት ነውና።

«ተቀበል፣ ልጄ» አለችው። «ወንድም ሲሰጥ እምቢ አይባልም። ውሃ ጉልበት ያረጥባል እንጂ ሰው አይገድልም።»

ኤድዊን ተቀበለ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ጠዋት፣ እናቴ ሊጥ እያቦካች፣ እኔ የቀሚሴን እጅጌ እየሰፋሁ ነበር። ድንገት የጫማ ድምፅ ሰማን።

የከሰል ሰዎች ጫማ ከሥሩ ብረት አለው። ፈረቃ ሲያልቅ መንገዱ በዚያ ድምፅ ይሞላል፤ ሴቶች ያን ሰምተው ውሃ ይጥዳሉ። ነገር ግን ፈረቃው ገና አላለቀም ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሲሞት ግን ሥራ ይቆማል፤ ሁሉም ይወጣል።

በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ጫማዎቹ በአንዱ በር ባለፉ ቁጥር፣ እዚያ በር ላይ የቆመችው ሴት አፏን በእጇ ትይዛለች። ፔግን አለፏት። እኛን አላለፉንም።

እናቴ በሩን ዘጋችው። ዘግታው እጇን ከነሊጡ ሳንቃው ላይ አሳርፋ ቆመች።

ተንኳኳ።

«እኔ ልክፈት፣ እማ።»

«አይሆንም።»

ራሷ ከፈተችው። ኤድዊን ነበር። ፊቱ ከሰል ነው፤ ከዓይኖቹ በታች ብቻ ሁለት ነጭ መስመር ወርዷል። እናቴ ኤድዊንን በሕይወት ስታየው፣ ማን እንደሞተ ያኔውኑ አወቀች።

«እማማ» አለ።

«ዝም በል። አንተ አይደለህም የምትነግረኝ። ማራው ጆብሊንግ ነው። ጆብሊንግ ይምጣ።»

«ጣሪያው ሲወድቅ የጆብሊንግ ትከሻ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ወስደዋቸዋል፣ እማማ። የመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ ማራው አይደለህም» አለች እናቴ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «እኔ ነኝ ያፋታኋችሁ።»

በሩን ዘጋችበት። ሳንቃው ላይ የጣቶቿ ሊጥ ቀረ።

ኤድዊን አልሄደም። ራልፍን በቃሬዛ እስኪያመጡት ድረስ ግድግዳችንን ተደግፎ ቆመ። ሲያመጡት በራስጌው በኩል ያዘው። ደጃፋችን ጋ ሲደርስ ቃሬዛውን ለሌላ ሰው አስረከበና ወደኋላ ቀረ። ውስጥ አልገባም። ከቀብሩም በኋላ አልገባም።

ስለ ሠርግ የሚያነሳ ጠፋ። እናቴ ቀሚሴን አጣጥፋ ከአልጋ ሥር አስቀመጠችው። አታለቅስም፣ አትናገርም። ሊጥ ታቦካለች፣ ምድጃ ትጠርጋለች፣ ከዚያ እጇን ታያለች።

አንድ ቀን ፔግ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። እንደ ልማዷ አልቀለደችም።

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። ኤድዊን ዕጣውን መልሶ ወሰደው። ዝቅተኛው ምሥራቅ ገብቷል። የእኔ ቤት ወለል በልብሱ ውሃ ረጥቧል፤ አንድ ነገር በይው።»

የራልፍ ባሮ ሽንኩርት ጋ አገኘሁት። ማንም ሳያየው እየመጣ ውሃ ያጠጣ ነበር።

«እውነት ነው?» አልኩት።

«ዕጣው የእኔ ነበር።»

«ራልፍ ለወጠልህ። ስጦታ ነው።»

«የሰጠኝ ቦታ ደረቅ ነው፣ ቴርዛ። ልብሴ ደርቆ በወጣሁ ቁጥር...» አልጨረሰውም።

«ልትሞት ነው የምትገባው?»

«አይደለም።» ውሃውን በቀስታ ከሥሩ አፈሰሰ። «ቦታው እስከ ግማሽ ተቆፍሯል። የራልፍ አካፋ እዚያው ነው ያለው። ማራ የማራውን ቦታ እንግዳ ሰው እንዲጨርሰው አይተውም።»

«ማራው አይደለህም ተብለሃል!»

ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ፈርቼ ነበር። ኤድዊን ባልዲውን አስቀመጠ።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«እኔስ? ቀለበት ሳላደርግ መበለት ልሁን?»

«እስከ ጥቅምት ዕጣ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽኝ...»

«ከተረፍክ ማለትህ ነው።»

«ከተረፍኩ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ባልዲውን ሳይሰጠኝ ቀረ። እኔም ደህና ዋል ሳልለው ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ መስማት ሆነ። እሱ ሲወርድ መርፌ አልይዝም፤ ጣቴን እወጋለሁ። ጋሪ ሲያልፍ እደነግጣለሁ። እናቴም ከምድጃው አጠገብ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትቀመጣለች። ሁለታችንም ምንም እንዳልሰማን እንሆናለን። ምን እንደምትሰማ አልጠየቅኳትም። ለእሱ ትፈራለች ብዬ አላሰብኩም፤ ራልፍን የምታስብ ነበር የመሰለኝ።

በመስከረም የራልፍን ባሮ ሽንኩርት ኤድዊን ነቅሎ ለውድድር አቀረበው፤ በራልፍ ስም። ሦስተኛ ወጣ። ራልፍ ቢኖር ኖሮ ዳኞቹን ከነቤተሰባቸው ይሰድባቸው ነበር። ያን ሳስብ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠና ፔግ ደግፋ ወደ ቤት መለሰችኝ።

ከውድድሩ ቀናት በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ያ ድምፅ እንደገና መጣ።

ብረት ያለው ጫማ፣ ያለ ሰዓቱ።

ከወንበሩ መነሳት አቃተኝ። እናቴ ግን ተነስታ ነበር። በባዶ እግሯ፣ ሽርጧን እንኳን ሳትፈታ፣ በሩን በርግዳ ወደ መንገዱ ሮጠች። ስደርስባት በወንዶቹ መካከል ቆማ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ታያለች። ከሰል የለበሰ ፊት ሁሉ አንድ ነው። እጇን እየዘረጋች የአንዱን ጉንጭ ትጠርጋለች፣ አይደለም፣ ትለቀዋለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

«እማማ፣ ምንም የለም» ይሏታል። «የመውረጃው ገመድ ተበላሽቶ ነው ያስወጡን። ሰው አልተጎዳም።»

አልሰማቻቸውም። መጨረሻ ላይ ኤድዊን መጣ፤ ውሃ ከልብሱ ይንጠባጠባል። ቆመች። ፊቱን በሽርጧ ጠረገችው። አየችው። ከዚያ ዞራ ወደ ቤት ገባች።

ስገባ የራልፍን የምሳ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አውርዳ እያጠበችው አገኘኋት።

በማግሥቱ ኤድዊን የከሰዓት ፈረቃ ነበረው። እናቴ ዳቦ ቆረጠች፣ ማርማላታ ቀባች፣ ቆርቆሮውን ሞላችና ወደ ፔግ ቤት ሄደች። ተከተልኳት። ኤድዊን የጫማውን ክር እያሰረ ነበር፤ ሲያያት ክሩን እንደያዘ ቀረ።

«ራልፍ የዳቦውን ቅርፊት አይወድም ነበር» አለችው። «ሁልጊዜ እቆርጥለታለሁ። አንተስ?»

«እኔ... ሁሉንም እበላለሁ፣ እማማ።»

«ጥሩ። አልቆረጥኩትም።»

ቆርቆሮውን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

«እማማ፣ ያን ቀን...»

«ያን ቀን ማራው ነበርክ» አለች። «አፌ ነው እምቢ ያለው። በሩን ያንኳኳ ሰው ስለነበረኝ ተመስገን። በፊት የሚያንኳኳም አልነበረኝ።»

ፔግ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አሁን ስማኝ» አለች እናቴ። «ያን ቦታ ተው አልልህም። የአንተ ጉዳይ ነው። ግን ልፈራልህ ከሆነ፣ ከእኔ ቤት እየወጣህ ልፍራልህ። በሰው በር የሚወጣ ልጅ መጠበቅ አቃተኝ። ዕቃህን ዛሬውኑ አምጣ። የራልፍ አልጋ አለ። ቴርዛን ደግሞ ራስህ ጠይቃት፤ እኔ ለማንም አልወስንም፣ ከእንግዲህ።»

ኤድዊን ቀና ብሎ አየኝ። የምሳ ቆርቆሮው በመካከላችን ነበር። ከእናቴ እጅ ወስጄ ዘረጋሁለት። ጣቶቻችን እጀታው ላይ ተነካኩ። ቶሎ አልለቀቅንም።

«ፔግ እየሰማች ነው» አልኩት።

«የለሁም» አለች ፔግ፤ ድምፅዋ እንባ ነበረው።

ከጥቅምቱ ዕጣ በኋላ ተጋባን። ኤድዊን ዝቅተኛውን ምሥራቅ ጨርሶ፣ የራልፍን አካፋ በትከሻው ይዞ ወጣ። በጸሎት ቤቱ የመጀመሪያው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ወንድ ከእኔ ወገን አልነበረም። ጆብሊንግ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ መጣና እዚያ ተቀመጠ። ኤድዊንን ቃል ኪዳኑ መሃል ላይ ሳል ያዘው። ሰባኪው ሁለት ጊዜ አስደገመው።

ከዚያ በኋላ ዘመኑን ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ቆፈረ። ከብዙ ሰው ጋር ሠርቷል፤ ደህና ሰዎች ነበሩ፣ ቤታችን ገብተው ሻይ ጠጥተዋል። ሁሉንም በስማቸው ነው የሚጠራቸው። «ማራ» ሲል አልሰማሁትም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ምሳውን እሷ ቋጠረችለት፤ ከነቅርፊቱ።

እኔም ልጆች ወለድኩና የእናቴን ጆሮ ወረስኩ። አንድም ልጄ ጉድጓድ አልገባም። እምላለሁ፣ ለዚህ ስል ከሰውም ከእግዚአብሔርም ጋር ተጣልቻለሁ። ትልቁ ልጄ ሄዶ በአባቱ አገር፣ በምዕራቡ ባሕር ዳርቻ፣ የመርከብ ሥራ ተቀጠረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት ሲመጣ ወተት የሚያመላልሰውን ሰውዬ በር ላይ ተቀበለውና፦

«አመሰግናለሁ፣ ማራ!» አለው።

እጄ ላይ የነበረው ሳህን ወደቀ። ተናድጄ ተነሳሁ። ልጁ ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ልናገረው ስል ኤድዊን ክንዴን ያዘኝ። ደረቱ ያኔ በከሰል አቧራ አልቆ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ብዙ ይቆያል።

«ተይው» አለኝ። «እዚያ... ለሁሉም ነው የሚባለው።»

ከዚያ ባልዲውን ከወጥ ቤት ወስዶ በጓሮ በር ወጣ። በመስኮት አየሁት። ባሮ ሽንኩርቱ አጠገብ ደርሶ፣ ውሃውን ሳያፈስ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ትንፋሹ እስኪመለስ። እኔም እስኪመለስለት ድረስ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀስኩም።